የዳጉሳ ተራ

የካቲት 18፣ ማክሰኞ

ጾሙ ከገባ ሁለተኛ ቀን። ወፍጮ ቤቱ እንደ ልማዱ ጢም ብሎ ዋለ። ጧት መጀመሪያ የእትዬ እንኳየሁ ማኛ ጤፍ፣ ከዚያ ሠርገኛ፣ ከዚያ ስንዴ፣ ከዚያ ገብስና ማሽላ፣ መጨረሻ ዳጉሳ። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ «ከነጭ ወደ ጥቁር» ይል ነበር። ጥቁር እህል ቀድሞ ከገባ፣ ድንጋዩ ላይ የሚቀረው ከቀጣዩ ሰው ነጭ ዱቄት ጋር ይቀላቀላል። በመላ አዘዞ፣ በእኔ በትርንጎ ወፍጮ ቤት አስፈጭቶ ጤፉ ላይ ነጥብ የምታህል ጥቁር አገኘሁ የሚል ካለ ይምጣ!

ከሰዓት መብራት ሄደ። የቀሩት እህላቸውን ተሸክመው ተመለሱ። ምን ይደረጋል… መብራቱን እኔ አልያዝኩት።

እህል የሚያፈስልኝ ጌቾ ሲያስል ዋለ። ዱቄቱ ነው።

የካቲት 21፣ ዓርብ

ንስሐ አባቴ ጋ ሄድኩ። ቄስ ኃይለ ጊዮርጊስ፣ እኔ አባ የምላቸው፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ዛፉ ሥር ቁጭ ብለዋል። «ምን ይዘሽ መጣሽ?» አሉኝ። አሰብኩ። እውነቴን ነው፣ ምንም አጣሁ። ሚዛን አላጭበረብርም። ሰው አልሳደብም… በጾም ማለቴ ነው። ሀብታም ከድሃ፣ ዘመድ ከባዳ አልለይም። ተራ ተራ ነው። ይህንኑ ነገርኳቸው።

ሳቁ። መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሳቁ።

«ሸጋ ነው ልጄ። እንግዲያ የዘንድሮ ቀኖናሽ ስግደት አይደለም። ያላየሽውን ፈልገሽ አምጪልኝ።»

«ያላየሁትን እንዴት አድርጌ እፈልገዋለሁ፣ አባ?»

«እሱን ብታውቂውማ መች ቀኖና ይሆን ነበር።»

ተናድጄ ወጣሁ። እኔ ንጹሕ ነኝ ስል ይስቃሉ እንዴ! ግን ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ሳስበው… እውነት ቢኖርስ? አንድ ነገር ከዓይኔ ፊት ቁጭ ብሎ እኔ ሳላየው የምውል? ልጅ ሳለሁ እንቆቅልሽ ሲጠየቅ መልሱን ሳላገኝ አገር መስጠት አልወድም ነበር። አሁንም አገር አልሰጥም። እፈልገዋለሁ።

የካቲት 22፣ ቅዳሜ

ፈለግሁ። የለም።

የካቲት 25፣ ማክሰኞ

ሰው መጠየቅ ይሻላል ብዬ ከባሌ ጀመርኩ። «ስማቸው፣ እኔ የማላየው ጥፋቴ ምንድን ነው?» ጉርሻውን ሳይውጥ አየኝ። ወጥመድ መስሎታል።

«ምንም የለብሽም።»

«እውነቱን!»

«ትቆጫለሽ።»

እሱንማ አውቀዋለሁ። «ሌላ?»

«ስትተኚ ታንኮራፊያለሽ።»

ታንኮራፊያለሽ! ይኼን በእውነት አላውቅም ነበር። ግን ኃጢአት አይደለም።

ሚዛኑን ፈተንኩት፣ ልክ ነው። ጌቾንም ጠየቅሁት። «እርስዎማ ሸጋ ሰው ነዎት፣ እትዬ» ብሎ እያሳለ ሳቀ። እንጀራው በእጄ ያለውን ሰው ጠይቄ ምን ሊለኝ ኖሯል? ሞኝ ነኝ።

የካቲት 28፣ ዓርብ

ዛሬም መብራት በጊዜ ሄደ። ገና ስንዴ ላይ ነበርን። አንዲት ሴት አለች፣ የትነበርሽ የምትባል፣ ከጭልጋ መጥታ ከወንዙ ማዶ ቤት የተከራየች። ሕንፃ ሥራ ላይ አሸዋ እየተሸከመች ነው የምትኖረው። ዳጉሳዋን ይዛ ከጧት ጀምሮ ግድግዳው ሥር ቁጭ ብላለች። ባለፈውም ሳትፈጭ ተመልሳለች መሰለኝ። ወፍጮው ዝም ሲል ሌላው ሁሉ ተነሣ፣ እሷ አልተነሣችም።

«ምነው እትዬ፣ እኔ መቼ ነው እንደ ሰው በጧት የምፈጨው?»

«ሰው አይደለም እኮ የምለየው፣ እኅቴ። እህል ነው። የማንም ዳጉሳ ቢሆን መጨረሻ ነው።»

«እሺ። ካቦው ግን ይኼ አይገባውም። ወፍጮ ቤት በዋልኩ ቁጥር ከሥራ እቀራለሁ። አንድ ቀን ደግመሽ ከቀረሽ ሰው እተካለሁ ብሎኛል።»

«ታዲያ ከሥራ መልስ ነያ።»

«ያን ጊዜ መብራት ይኖራል?»

ማዳበሪያዋን በጀርባዋ አዝላ ሄደች። እኔ ከራሴ ጋር ስከራከር አመሸሁ። ልክ ነኝ። እህሉን ባልለይ ዱቄት ይበላሻል። ልክ ነኝ አይደል? ልክ ከሆንኩ ምነው ራሴን እንዲህ አስረዳለሁ?

መጋቢት 1፣ ሰኞ

ሥራ ሳንጀምር ጌቾን ያዝኩት።

«መብራት ሲሄድ የሚቀረው ማነው?»

«ዳጉሳ።»

«ዳጉሳ ሰው ነው እንዴ? ማን ማን ነው?»

ሳሉ እስኪያልፍለት ጠበቅሁና ደግሜ ጠየቅሁት። «ያው… ዳጉሳዎቹ ናቸዋ» አለኝ። በስም አያውቃቸውም። ልቆጣው አልኩና ተውኩት፤ እኔስ አውቃለሁ? የማኞቹን አውቃለሁ። የእንኳየሁን ልጆች በስም፣ የልብስ ሰፊዋን የጉልበት ሕመም፣ የነጋዴዋን ኩርፊያ ሳይቀር። የትነበርሽን ስሟን ያወቅሁት ጓደኛዋ ስትጠራት ሰምቼ ነው።

እህሉን ነው የምለየው ብያታለሁ። እሺ። ዳጉሳ ይዞ የሚመጣ ግን ማነው? ጤፍ መግዛት ያቃተው። ታዲያ እህሉን ስለይ የኖርኩት ማንን ኖሯል?

ቆይ። ቸኩዬ ደረቴን አልመታም። አባ ፈልጊ ያሉኝ ይኼ ከሆነ ሄጄ ማየት አለብኝ። ከወዲያ በኩል ሆኖ ሲታይ ምን ይመስላል? የእኔ ቤት ጤፍ አንድ ቀን እንኳ ተራ ጠብቆ አያውቅም።

መጋቢት 4፣ ሐሙስ

ሰው ቢያየኝ አበደች ይል ነበር። ወፍጮውን ለጌቾ ትቼ፣ ከገበያ ዳጉሳ ገዛሁ። አሮጌ ነጠላ ተከናነብኩና ከአዘዞ ወደ ከተማ ወጥቼ የማያውቁኝ ሰፈር ወፍጮ ቤት ገባሁ። ባለቤቱ ማዳበሪያዬን በእግሩ ነካ አድርጎ «ዳጉሳ? እዚያ ጥግ» አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም። ድምፁም ክፉ አልነበረም። እኔ እንዲያ በእግሬ እነካለሁ እንዴ? አልነካም።

እነካለሁ።

ጥጉ ላይ ሴቶች አሉ፣ ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ሰጡኝ። ከእኔ በኋላ የመጣ ነጭ ጤፍ ገባ፣ ተፈጨ፣ ወጣ። ሌላ መጣ። እሱም ገባ፣ ወጣ። አንዱ ባለፈ ቁጥር ማዳበሪያዬን ወደ ፊት ገፋ አደርጋለሁ። ለምን እንደሚያልፍ አሳምሬ አውቃለሁ። ለሰው ሳስረዳ የኖርኩት እኔው ነኝ! ማወቄ ግን ምንም አልረዳኝም።

አጠገቤ ያለችው ጨዋታ ጀመረች። «ከየት ነሽ?»

«ከአዘዞ።»

«ምነው ከአዘዞ እዚህ ድረስ? እዚያ የትርንጎ ወፍጮ የለም እንዴ?»

ነጠላዬን ወደ ግንባሬ ሳብኩት። «አለ። ምነው፣ ታውቂያታለሽ?»

«አዘዞ ሳለሁ እሷ ጋ ነበር የምፈጨው። ሸጋ ሴት ናት። አትሳደብም፣ ሚዛኗም ልክ ነው። ብቻ እሷ ጋ ስትሄጂ ራትሽን ይዘሽ ሂጂ።»

«ጋቢሽንም ጨምሪ፣ ታድሪያለሽ» አለች ሌላዋ።

ሁሉም ሳቁ። እኔም ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ ሳቅሁ። ምን ላድርግ? ትርንጎ እኔ ነኝ ልበል? ጆሮዬ ግን ጋለ። ሸጋ ናት ማለታቸው ነው የባሰብኝ። ክፉ ናት ቢሉኝ እከራከር ነበር።

ከዚያ መብራት ሄደ። ባለቤቱ እጁን አራገበ። «ነገ ኑ።» ምን ያድርግ፣ መብራቱን እሱ አልያዘው። ዳጉሳዬን ተሸክሜ ስወጣ፣ ይዤው ከመጣሁት የከበደ መሰለኝ።

መጋቢት 5፣ ዓርብ

ለስማቸው ነገርኩት። እንባው እስኪመጣ ሳቀብኝ። ከዚያ እንባውን ጠረገና «አባትሽ ግን ክፉ ሰው አልነበሩም» አለ።

አልነበረም! እኔንም የገረመኝ እሱ ነው። በአባቴ ጊዜ ወፍጮው በናፍጣ ነበር የሚሠራው፣ እህል እስካለ ይዞራል። መጨረሻ የሆነ ሰው ይመሽበታል እንጂ ዱቄቱን ይዞ ይገባል። አሁን መጨረሻ መሆን ማለት አለመፈጨት ነው። ሥርዓቱ ያው የአባቴ ነው። ዙሪያው ሁሉ ሲለወጥ እኔ ሥርዓቱን ጠበቅሁ ብዬ ደረቴን ነፍቼ ቁጭ…

የትነበርሽ በዚህ ሳምንት ዝር አላለችም።

መጋቢት 8፣ ሰኞ

ሰው ጠይቄ ቤቷን አገኘሁት። ሳልደርስ ድምፁን ሰማሁት። ደጅ ላይ ተንበርክካ ዳጉሳውን በመጅ ትፈጫለች። በእጇ! ድንጋይ በድንጋይ ላይ። የባለ ወፍጮ ልጅ ሆኜ ይኼን ድምፅ ከሰማሁ ስንት ዘመኔ። ስታየኝ ደነገጠች። ምነው ቀረሽ ልላት የመጣሁ መስሏታል።

«ሥራስ?» አልኳት።

«ካቦው ሰው ተካ።»

«በእኔ ምክንያት።»

«በዳጉሳው ነው» አለች። ትቀልድ ትቆጣ አልገባኝም። መጁን አላቆመችም።

ሌላ ሕንፃ ላይ ሰው እንደሚፈልጉ ሰምታለች። ጧት ቀድሞ የደረሰ ነው የሚቀበሉት። «እዚያም ገብቼ በወፍጮ ምክንያት ከቀረሁ ግን አለቀልኝ። ካቦዎቹ ሁሉ ይተዋወቃሉ» አለችኝ። መዳፏን አየሁት። ይቅርታ ልላት አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። ይቅርታዬ ምን ይፈጭላታል?

ይቺ ሴት የሚያስፈልጋት ዱቄቷን ይዛ ለሥራዋ መድረስ ነው። ሌላ ምንም አይደለም። እሱን መስጠት የምችል ደግሞ እኔ ነኝ።

መጋቢት 9፣ ማክሰኞ

ጥያቄው ይኼ ነው። ዳጉሳ ቀድሞ ቢፈጭ ድንጋዩ ላይ የሚቀረውን ምን ይጠርገዋል? አባቴ ሞክሮት ያውቅ ይሆን? እኔ ግን ጠይቄውም አላውቅ።

ደንበኛ ሳይመጣ በሩን ገጥሜ ሞከርኩ። ዳጉሳ ፈጨሁ፣ ቀጥዬ ፉርሽካ ለቀቅሁበት፣ ከዚያ ነጭ ጤፍ። ዱቄቱ ነጠብጣብ አለበት። አይሆንም። ጌቾን ሳል ይዞት ወደ ውጭ ወጣ፣ እኔው ማፍሰሱን ቀጠልኩ። እንደገና ዳጉሳ ፈጨሁና አሁን ፉርሽካውን ትቼ ከራሴ ጤፍ አንድ ጣሳ አስቀደምኩ። እሱ አመድማ ሆኖ ወጣ። ከእሱ ቀጥሎ የገባው ግን… በሩን ከፍቼ ፀሐይ ላይ አየሁት። በጣቴ አሸሁት። ነጭ ነው! ንጹሕ ነጭ!

አንድ ጣሳ ጤፍ። አመድማውንም ቢሆን እኛው ቤት ተቦክቶ ይበላል። በቃ ይኸው ነው? ይኼ ሁሉ ሰው ተሸክሞ ሲመለስ የኖረው ለአንድ ጣሳ ጤፍ ነው? መሳቅም ማልቀስም አማረኝ። ነገሩ ከባድ ሆኖ አይደለም ያልታየኝ። እኔን ስላልነካኝ ነው።

መጋቢት 11፣ ሐሙስ

ከዛሬ ጀምሮ አንድ ቀን በነጭ ይጀመራል፣ አንድ ቀን በዳጉሳ። ወንበሬንም ከሚዛኑ አጠገብ አንሥቼ ወደ ጥጉ ወሰድኩት። ከዚያ ሆኜ ስመለከት ወፍጮ ቤቱ የሌላ ሰው ይመስላል።

እንኳየሁ ማኛዋን አስይዛ መጣች። ቆመች።

«ትርንጎ፣ ዳጉሳ ቀድሞ?»

«ድንጋዩን ጠርጌዋለሁ፣ እትዬ። ዱቄቱን ነይ እዪው።»

ልታየው አልፈለገችም። «አባትሽ ይኼን ቢያይ ምን ይል ነበር» አለችና ጤፏን መልሳ አስጫነች። እሷን አይተው ሌሎቹም ሄዱ።

ፈራሁ። ወፍጮ ቤቱ ቀጥ ብሎ የቆመው በማኞቹ ነው። ስማቸውም «ለሰው ብለሽ ቤትሽን እንዳትዘጊ» አለኝ። እሱም ልክ ነው። ይኼ ነገር ሁሉም ሰው ልክ ሲሆን ነው የሚያስቸግረው።

መጋቢት 15፣ ሰኞ

የትነበርሽ ጎህ ሲቀድ መጣች። አዲሱ ሕንፃ ላይ ተቀብለዋታል። ዳጉሳዋ ተፈጨ፣ ገና ትኩስ እያለ ተሸከመችው፣ «ቤት አድርሼ ለሥራ እደርሳለሁ» ብላ ሮጠች። አመሰግናለሁ አላለችም። ምነው ትላለች? ተራዋ ነው።

የነጭ ጤፍ ደንበኞቼ ግን ሳስተዋል። የእንኳየሁ ባዶ ቦታ ያስታውቃል።

መጋቢት 19፣ ዓርብ

ዛሬ ለትንሽ ተመልሼ ነበር። ጧት ሁለት የማኛ ደንበኞች በር ላይ ቆመው ሳይ፣ ለዛሬ ብቻ እነሱን ላስቀድም አልኩ። ለዛሬ ብቻ። ደግሞ ምክንያቱ እንዴት ቶሎ ቶሎ ይመጣል! ቤቱ ከተዘጋ ዳጉሳውም የት ሊፈጭ ነው… እንዲያውም ለእነሱው ብዬ ነው… ጌቾን ማኛውን አፍስስ ልለው አፌን ስከፍት፣ የገዛ ድምፄን ሰማሁት። ያ «ዳጉሳ? እዚያ ጥግ» ያለኝ ሰውዬ ድምፅ ነው። ቁርጥ እሱን!

ዘጋሁት። ሄጄ ጥጉ ላይ ቁጭ አልኩ። ከእዚያ ሆኜ ያን ምክንያት ጮክ ብዬ ልናገረው እችላለሁ? እነዚህ ሴቶች እየሰሙኝ? አልችልም። እንግዲያ ምክንያት አልነበረም።

ዳጉሳው ቀደመ። ከሁለቱ አንዷ ሄደች፣ አንዷ ቆየች።

መጋቢት 26፣ ዓርብ

አባ ጋ ተመለስኩ።

«አገኘሽው?»

«አገኘሁት፣ አባ። ዳጉሳ ነው።»

ግራ ገባቸው። ዘረገፍኩላቸው፣ ከነጠላው እስከ ጣሳው። ራትሽን ይዘሽ ሂጂ የሚለው ላይ ፈገግ አሉ።

«የእኛ ቤት ጤፍ በስንተኛ ነው የሚፈጨው?» አሉኝ።

«እንደመጣ ነዋ፣ አባ! የእርስዎ መች ተራ ይጠብቃል።»

ብዬ አፌን ያዝኩ። ለካ የአባን ማስቀደም ተራ መዝለል መስሎኝ አያውቅም፣ አክብሮት ነበር። ለእሳቸውም መስሏቸው አያውቅም። ሁለታችንም መሬት መሬት አየን።

«ያንቺን ፈልጊ ብልሽ የኔንም ይዘሽ መጣሽ» አሉ። ሳቁ፣ ግን የባለፈውን ሳቅ አይደለም።

«ታዲያ ቀኖናዬ አለቀ?»

«ይኼ የሚያልቅ መሰለሽ እንዴ፣ ልጄ?»

ሚያዝያ 6፣ ሰኞ

ሰሙነ ሕማማት። ለትንሣኤ የማይፈጭ የለም፣ ሰልፉ መንገድ ድረስ ወጥቷል። የዳጉሳ ቀን ነው። የትነበርሽ ማልዳ ፈጭታ ሄደች። ካቦው እስካሁን አንድ ቀን አልተቆጣትም። በዐውደ ዓመቱ ማግስት ግን አይቀርልኝም ብላ ሳቀች። የአባ ሚስት ወለተሩፋኤልም ጤፏን ይዛ ተራዋ ላይ ቁጭ ብላለች። ሰው ቅደሚ ሲላት «ተዉኝ፣ ጨዋታው ደስ ብሎኛል» ትላለች።

እንኳየሁ ተመለሰች! ጎረቤቷ እኛ ጋ ያስፈጨችውን ዱቄት ፀሐይ ላይ አይታው ነው አሉ። ተራዋ ሊደርስ ሲል መብራት ሄደ። ከነማኛዋ ቁጭ ብላ ቀረች። ቀና ብላ አየችኝ።

«ትርንጎ፣ ሰው ሁልጊዜ እንዲህ ሆኖ ነው የሚመለሰው?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ምነው ሳትነግሪን?»

ሳቄ መጣ። ለእኔማ ነግረውኝ ነበር። ማዳበሪያዋን አብሬያት ይዤ ባጃጅ ላይ ጫንን።

ሁሉም ሄደ። ወፍጮው ዝም፣ የጎረቤት ሬዲዮ ዝም። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ነው የሰማሁት። ጌቾ ግድግዳውን ተደግፎ ያስላል። ቆምኩ። አላባራለትም። ከታች፣ ከጎድኑ ሥር የሚመጣ ሳል ነው።

ይኼን ደብተር ገለጥኩት። መጀመሪያው ቀን ላይ አለ፣ «ዱቄቱ ነው» ብዬ። ሸጋ ሰው ነዎት ያለኝ ቀን አለ። ዳጉሳዎቹ እነማን ናቸው ብዬ ሳፋጥጠው፣ ሳሉ እስኪያልፍለት ጠብቄ መልሼ ያፋጠጥኩበት አለ። ወደ ውጭ ወጣ፣ እኔው ማፍሰሱን ቀጠልኩ… በገዛ እጄ ጽፌዋለሁ! ያልታየኝን ስፈልግ ከተማ ድረስ ሄጃለሁ። ዱቄቱ ነው አልኩ። ዱቄቱስ የማን ነው?

«ጌቾ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ምኑ?»

«ሳሉ።»

አፉን በክንዱ ጠረገ። የተያዘ ሰው መሰለ።

«ሰሙት እንዴ፣ እትዬ? ወፍጮው የሚሸፍነው መስሎኝ።»

ነገ እህሉን ስማቸው ያፈሳል። እኔ ጌቾን ይዤ ሐኪም ቤት እሄዳለሁ።